ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ገንዘቡን ጠይቁ

ባለፈው ዓመት ከሮሽ ሃሻና በፊት አንዲት እናት ለስኳር ምርመራ ወደ ክሊኒካችን መጡ። ደማቸውን ከሰጡ በኋላ ግን ከወንበሩ አልተነሱም። ከቦርሳቸው ታጥፎ የቆየ ፖስታ አውጥተው፣ «ልጆቼ፣ እስቲ ይህን አንብቡልኝ» አሉን።

አፉላ ውስጥ ነርስ ሆኖ የሚሠራ ሰው ደም ግፊት ብቻ አይለካም። የቢቱዋህ ሌኡሚ ደብዳቤ፣ የመብራት ሒሳብ፣ የባንክ ማስጠንቀቂያ እናነባለን። የእኒህ እናት ደብዳቤ ግን ከአንድ የግል ኮሌጅ የመጣ ነበር። ልጃቸው የኤሌክትሪክ ሀንደሳይ ነው፤ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ዲፕሎማውን ይዞ በፋብሪካ ይሠራል። አሁን ዲግሪውን ጨርሶ መሐንዲስ መሆን ይፈልጋል። ኮሌጁ የመጀመሪያውን ክፍያ ጠይቋል። ከደብዳቤው ጋር የባንክ ብድር ወረቀት ተያይዟል፤ እናትየዋ ኣሬቭ፣ ማለት ዋስ ሆነው እንዲፈርሙ።

«እቁቤ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል። እሱን ለመጀመሪያው ክፍያ እሰጣለሁ፤ ለቀረው እፈርማለሁ። ልጄ አይደለም እንዴ?» አሉ።

እኛም ሁለት ነገር ጠየቅናቸው። ልጅዎ ማልጋ፣ ማለት የትምህርት ድጎማ ጠይቋል ወይ? በእጁ ያለው ዲፕሎማስ ከዲግሪው ትምህርት ስንት ኮርስ እንደሚቀንስለት በጽሑፍ ተሰጥቶታል ወይ? አያውቁም ነበር። በእሳቸው ፈቃድ ለልጁ ስልክ ደወልን። እሱም አልጠየቀም፤ አልተሰጠውም።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ከዚያ ቀን የተነሳ ነው። ብዙ ወላጆች ልጃቸው መማር ሲፈልግ እምቢ አይሉም፤ የሚጎዱት ቀድመው ከፍለው ኋላ ሲጠይቁ ነው። አብዛኛው የትምህርት ድጎማ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ አይከፍልም። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በእጁ ያለው ወረቀት ምንድን ነው?

በዚህ አገር «ተምሬ ጨርሻለሁ» የሚል ልጅ የያዘው ወረቀት ከአንድ ዓይነት በላይ ሊሆን ይችላል። ወላጅ ልዩነቱን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

የመጀመሪያው የጥቂት ወራት የሙያ ኮርስ የሚሰጠው ቴኡዳ ነው። ሥራ ለመግባት ይረዳል፤ ለዲግሪ ግን በአብዛኛው አይቆጠርም። ሁለተኛው ቴክናይ፣ ሦስተኛው ሀንደሳይ ነው። እነዚህን የሚቆጣጠረው በሥራ ሚኒስቴር ሥር ያለው ማሃት የሚባለው የመንግሥት ተቋም ነው። ሀንደሳይ በቀን ትምህርት ሁለት ዓመት ያህል ይወስዳል፤ በመጨረሻም የመንግሥት ፈተናና የፕሮጀክት ሥራ አለው። በ2012 የወጣ ሕግ የሀንደሳዮችንና የቴክናዮችን ሙያ በመዝገብ እንዲያዝ አድርጓል። ስለዚህ ሀንደሳይ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ልጁ የደከመበት፣ አገሩም የሚያውቀው ሙያ ነው።

ይሁን እንጂ ሀንደሳይ ዲግሪ አይደለም። በኤሌክትሪክ ሥራ ብናይ እንኳ የሀንደሳይ ፈቃድና የመሐንዲስ ፈቃድ ደረጃቸው ይለያያል። በመሐንዲሶች መዝገብ ለመግባት የታወቀ ዲግሪ ያስፈልጋል። በብዙ መሥሪያ ቤትም የደመወዝ ሰንጠረዡ ይለያል፤ ለኃላፊነት ቦታ የሚወጣው ሚክራዝ ዲግሪ ይጠይቃል።

በእኛ ሙያም እንዲሁ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወደ አገር ከገቡት እህቶቻችን አንዳንዶቹ አሖት ማአሲት፣ ማለት ረዳት ነርስ ሆነው ሠልጥነዋል። ከእሷ በላይ በመንግሥት ፈተና ያለፈችው አሖት ሙስሜኼት አለች። ከዚያ በላይ ደግሞ ዲግሪ ያላት አሖት አለች። ሦስቱም ነጭ ልብስ ይለብሳሉ፤ በትሉሹ ላይ ያለው ቁጥርና ሊደርሱበት የሚችሉት ቦታ ግን አንድ አይደለም። ልዩ ባለሙያ ነርስ ለመሆን ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል፤ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው አይገኝም።

ምን ይቀነስለታል?

በእስራኤል የመጀመሪያ ዲግሪ የሚለካው ኔኩዶት ዝኩት በሚባል ነጥብ ነው። ብዙው ዲግሪ ወደ 120 ነጥብ ይጠይቃል፤ የምሕንድስና ዲግሪ ወደ 160 ይደርሳል። ሀንደሳይ ወይም ነርስ የሆነ ሰው ቀድሞ ከተማረው ውስጥ የተወሰነው ይታሰብለትና ፕቶር ይሰጠዋል። ፕቶር ማለት «ይህን ኮርስ ተምረኸዋል፤ ደግመህ አትማርም፣ ደግመህም አትከፍልም» ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ስንት ነጥብ እንደሚቀነስ የሚወስነው እያንዳንዱ ኮሌጅ ነው። አንዱ ብዙ ይቀንሳል፣ ሌላው ጥቂት። ለምሳሌ ከ160 ነጥብ አንድ ኮሌጅ 15 ቢቀንስና ሌላው 35 ቢቀንስ፣ ልዩነቱ የግማሽ ዓመት ትምህርትና የግማሽ ዓመት ክፍያ ያህል ነው። በስልክ የሚመልሰው ሰው «አትጨነቅ፣ ብዙ እንቀንስልሃለን» ይላል። እሱ ሻጭ ነው። የሚቆጠረው በደብዳቤ የተጻፈው ብቻ ነው። ልጃችሁ ከመመዝገቡ በፊት ዲፕሎማውንና ጊልዮን ጺዩኒም የሚባለውን የውጤት ወረቀት ለሁለት ወይም ለሦስት ኮሌጅ ልኮ፣ ምን እንደሚቀነስለት በጽሑፍ ይጠይቅ።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። በዚህ አገር ዲግሪ መስጠት የሚችለው በ1958 በወጣው ሕግ መሠረት በከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት፣ በሞኤጻ ለሃስካላ ጌቮሃ የታወቀ ተቋም ብቻ ነው። «የአካዳሚ ትምህርት» የሚል ማስታወቂያ ሁሉ ዲግሪ አይሰጥም። የተቋሙ ስም በምክር ቤቱ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እኛ የሄድንበት መንገድ

እኛ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለን ነርሶች ነን። ትምህርታችንን የተማርነው እዚሁ አገር ነው። ከእኛ አንዳንዶቻችን በሆስፒታል ትምህርት ቤት ተምረን፣ የመንግሥት ፈተና አልፈን ሙስሜኼት ከሆንን በኋላ ሃሽላማ ለቶአር የሚባለውን፣ ማለት ዲግሪ ማሟያ ትምህርት ተማርን። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ክፍል እየገባን፣ በቀረው ቀን ሥራ እየሠራን።

ለአካባቢያችን ሰው ይህ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። ሃኤመቅ ሆስፒታል ከ1930 ጀምሮ በአፉላ አለ፤ ብዙዎቻችሁ የልጅ ልጆቻችሁን የታቀፋችሁት እዚያ ነው። ከአፉላ ወደ ናዝሬት በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ማክስ ስተርን የኤመቅ ይዝርኤል ኮሌጅ አለ፤ የነርስ ትምህርት ክፍልም አለው። ልጅ ለዲግሪ ብሎ የግድ ቴልአቪቭ ቤት መከራየት የለበትም። የቤት ኪራይና የመንገድ ወጪ ከትምህርት ክፍያው ሊበልጥ ይችላል።

ስህተታችንንም እንናገር። የመጀመሪያውን ዓመት ከኪሳችን ከፍለናል። ለማልጋው የሚመጥን ነገር ሁሉ ነበረን፤ ማመልከቻው የተዘጋ መሆኑን የሰማነው ግን ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። ሄደን ለመንን። «ለመጪው ዓመት አመልክቱ፤ ላለፈው አንከፍልም» አሉን። በዚያ ዓመት የሌሊት ሥራ እየጨመርን፣ ልጆቻችንን እናቶቻችን ጋ እያሳደርን ነው ያለፍነው። ዛሬ እናንተን «አስቀድማችሁ ጠይቁ» የምንለው ሰምተነው ሳይሆን ከፍለንበት ነው።

ረዳት ነርስ የሆኑ እህቶች ደግሞ ይህን ይወቁ። ከማአሲት በቀጥታ ወደ ዲግሪ ማሟያው አይገባም፤ መጀመሪያ ሙስሜኼት መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህ ክፍያውንና ጊዜውን ስታሰሉ ሁለቱንም ደረጃ ቁጠሩ።

ዋጋው ስንት ነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመድ ያላችሁ «ወጪ መጋራት» የሚባለውን ሰምታችኋል። ከ2003 ጀምሮ እዚያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጀመሪያ ተምሮ፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። እዚህ አሠራሩ እንደዚያ አይደለም። እዚህ ክፍያው የሚጠየቀው በምዝገባና በየወሩ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ተቋማቱን በሦስት ከፍለን እንያቸው።

በመንግሥት በጀት የሚደገፉት ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ለመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት ወደ 11 ሺህ ሸቄል ገደማ ያስከፍላሉ። መንግሥት የወሰነው ዋጋ ስለሆነ በሁሉም ዘንድ ተቀራራቢ ነው። የኤመቅ ይዝርኤል ኮሌጅ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የግል ኮሌጆች፣ በጀት የሌላቸው፣ የዚህን ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ዲግሪያቸው የታወቀ ሊሆን ይችላል፤ መጥፎ ናቸው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ለሁለት ዓመት ተኩል በ11 ሺህና በ30 ሺህ መካከል ያለውን ልዩነት አስሉት። ከ45 ሺህ ሸቄል በላይ ነው። ይህ የአንድ ቤተሰብ የብዙ ዓመት እቁብ ነው። አንዳንድ ማልጋ ደግሞ ክፍያውን የሚሸፍነው በመንግሥቱ ዋጋ ልክ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ተማሪው ይጨምራል።

ሦስተኛው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ኡኒቨርሲታ ሃፕቱሓ ነው። ለመግባት ባግሩትና ፕሲኮሜትሪ አይጠይቅም፤ ክፍያውም በየኮርሱ ነው። ሥራና ልጅ ላለው ሰው ይመቻል። አንድ ኮርስ ወስዶ መሞከር ይቻላል። ችግሩ ብዙውን ብቻን መማር ስለሆነ ጽናት ይጠይቃል።

ገንዘቡ የሚገኝባቸው በሮች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በሩ አንድ አይደለም። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይንኳኳ።

አንደኛ፣ ለኢትዮጵያ ተወላጆች የተመደበው። ሚንሃል ሃስቱደንቲም የሚባለው በክሊታ ሚኒስቴርና በሶኽኑት የሚሠራ ተቋም ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ይረዳል፤ ከእኛ ማኅበረሰብ ብዙዎች በእሱ ተምረዋል። ማን ይገባዋል የሚለው በትውልድ ቦታ፣ በገባበት ዓመት፣ በዕድሜና በሚማርበት ተቋም ይወሰናል። እዚህ አገር ለተወለዱ ልጆችስ? የከፍተኛ ትምህርት በጀት ኮሚቴው፣ ቫታት የሚባለው፣ ለኢትዮጵያ ተወላጆችና ለልጆቻቸው ፕሮግራም አለው። ይህ በየኮሌጁ በዲካናት ሃስቱደንቲም፣ ማለት በተማሪዎች ዲን ቢሮ በኩል ይጠየቃል። መንግሥት በ2015 «ዴሬኽ ሓዳሻ» በሚል ስም ባወጣው ዕቅድ ስለ ማኅበረሰባችን ወስኗል። ያንን መጠየቅ ልመና አይደለም፤ የተመደበ ነገርን መውሰድ ነው። አንዳንድ ልጆቻችን «እኔ በኢትዮጵያዊነቴ ምንም አልፈልግም» ይላሉ። ስሜታቸው ይገባናል። ውሳኔውም የራሳቸው ነው። ግን ሳያውቁ የተዉት እንዳይሆን አውቀው ይወስኑ።

ሁለተኛ፣ የሠራዊት አገልግሎት። ሠራዊት ወይም ሸሩት ሌኡሚ ያገለገለ ሁሉ ፒካዶን የሚባል የተቀማጭ ገንዘብ አለው። ይህ ገንዘብ ካገልግሎት በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ለትምህርት፣ ለሠርግ፣ ለቤት፣ ለንግድ መጀመሪያ ወይም ለመንጃ ፈቃድ ይወጣል። አምስት ዓመት ካለፈ የተረፈው ለፈለገው ነገር ወደ ባንክ ሒሳቡ ይገባለታል። ሀንደሳይ ሲማር ፒካዶኑን የጨረሰ ልጅ አለ፤ ሳይነካው የረሳም አለ። ይጣራ። ከዚህ ሌላ ሚማዲም ለሊሙዲም የሚባለው ፕሮግራም አለ። በተዋጊ ክፍል ላገለገሉ፣ ለብቸኛ ወታደሮች፣ ቤተሰባቸው ስለተቸገረ ሠራዊቱ ለረዳቸውና ለሌሎችም የክፍያውን ትልቅ ክፍል ይሸፍናል። ኢምፓክት የሚባለው ማልጋም ከተቸገረ ቤት ለመጡ ተዋጊ ወታደሮች ነው፤ በምትኩ የበጎ ፈቃድ ሥራ ይጠይቃል። እነዚህ የጊዜ ገደብ አላቸው። «ትንሽ ልሥራና ኋላ እማራለሁ» የሚል ልጅ ገደቡ መቼ እንደሚያልፍ ይወቅ።

ሦስተኛ፣ በሰዓት የሚከፈል ማልጋ። ፔራኽ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፤ በሬሖቮት ባለው በቫይዝማን ተቋም ነው የተጀመረው። ተማሪው በሳምንት ጥቂት ሰዓት አንድ ልጅን ያስጠናል፣ ያጫውታል፤ በምትኩ የትምህርት ክፍያው በከፊል ይቀነስለታል። ሚፍዓል ሃፓይስም ለተማሪዎች ማልጋ ይሰጣል፤ በምትኩ የማኅበረሰብ አገልግሎት ይፈልጋል። አማርኛ የሚናገር ተማሪ ለአረጋውያኖቻችን የሚሰጠው ሰዓት ትልቅ ዋጋ አለው። በእርግጥ ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው ሰዓቱ ይከብዳል፤ አስልቶ ይግባ።

አራተኛ፣ ኬሬን ሂሽታልሙት። ይህን ብዙ ወላጆች በትሉሻቸው ላይ ያዩታል፤ ምን እንደሆነ ግን ሳያውቁ ዓመታት ያልፋሉ። በብዙ ሥራ ቦታ ሠራተኛው 2.5 በመቶ፣ አሠሪው 7.5 በመቶ በየወሩ ያስቀምጣሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ ለማንኛውም ነገር ይወጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሠራተኛው ለራሱ ትምህርት ማውጣት ይችላል። ሦስት ዓመት የሠራ ሀንደሳይ ወይም ነርስ ብድር ከመውሰዱ በፊት ይህን ይመልከት። የራሱ ገንዘብ ነው፤ ወለድ አይከፍልበትም።

አምስተኛ፣ አሠሪው። አንዳንድ ሆስፒታልና ፋብሪካ ለሠራተኛው ትምህርት ከፊሉን ይከፍላል ወይም የተከፈለበት የጥናት ቀን ይሰጣል። በምትኩ ሂትሓይቩት ያስፈርማል፤ ይህን ያህል ዓመት ካልሠራህ ገንዘቡን ትመልሳለህ የሚል ውል ነው። ውሉ መጥፎ አይደለም። የዓመቱን ቁጥርና ቢለቅ ምን ያህል እንደሚመልስ ግን አንብቦ ይፈርም።

ስድስተኛ፣ በኑሮ ሁኔታ የሚሰጥ ድጎማ። የትምህርት ሚኒስቴር የተማሪዎች መርጃ ኬሬን አለው፤ ኮሌጆቹም በዲካናት በኩል የራሳቸውን ይሰጣሉ። ይህ በቤተሰብ ገቢና በነፍስ ቁጥር ይታያል። ትልቅ ቤተሰብ ላለን ለእኛ የሚጠቅም ነው።

የት እንደሚጠየቅ ለማያውቅ ሰው ሄሴጊም የሚባል ነፃ የምክር አገልግሎት አለ። ከማእከላዊው አገር ርቀው ላሉ ከተሞች ተብሎ የተቋቋመ ነው። አማካሪው ኮሌጅ አይሸጥም፤ ስለዚህ ምክሩ ለልጁ ያደላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ብዙ ማልጋ «ኬፌል ሚሙን የለም» ይላል፤ አንድን ክፍያ ሁለት ቦታ አያስከፍሉም። ተማሪው የሌላ ቦታ ድጎማውን ደብቆ ከፈረመ፣ ሲታወቅ ገንዘቡን ይመልሳል። ስለዚህ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ጠይቆ የሚበልጠውን ይምረጥ።

ብድር መጨረሻ ነው

ብድር ነውር አይደለም። ግን ከላይ ያሉት በሮች ሁሉ ከተንኳኩ በኋላ ለሚቀረው ጉድለት ይሁን። ኣሬቭ ሆኖ መፈረም ደግሞ «ልጄን አውቀዋለሁ» ብሎ ምስክርነት መስጠት ብቻ አይደለም። ልጁ ካልከፈለ ባንኩ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። በቃስባ ወይም በጡረታ የምትኖሩ ወላጆች ይህ ከመድኃኒታችሁና ከምግባችሁ የሚወጣ ገንዘብ ነው። በክሊኒካችን መድኃኒቱን ለሁለት ቀን አንድ ጊዜ እያደረጉ የሚውጡ አባት አይተናል። ምክንያቱን ስንጠይቅ የልጃቸው ሚኑስ ነበር። ስለዚህ ስለ ብድር መጻፋችን ከነርስ ሥራችን የወጣ አይደለም።

ሥራውን ትቶ ሙሉ ጊዜ የሚማር ልጅም ቢቱዋህ ሌኡሚ ራሱ መክፈል እንዳለበት ይወቅ። ለማይሠራ ተማሪ ዝቅ ያለ ክፍያ አለ። ሳይከፍል ከቀረ ግን ዕዳው ይጠራቀማል።

የወላጅ ድርሻ

«እኛ ዕብራይስጥ አናነብም፤ ምን ልንረዳ እንችላለን?» ትላላችሁ። እናንተ ብቻ የምትረዱት ነገር አለ። በገቢ ላይ የሚታየው ማልጋ የወላጆችን የሦስት ወር ትሉሽ፣ የቢቱዋህ ሌኡሚ የጡረታ ወይም የአበል ማረጋገጫ፣ መታወቂያ ከነሴፌሑ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ለተወለደ ደግሞ ቴኡዳት ኦሌ ይጨመራል። ልጁ «አባቴን ደመወዝህን አሳየኝ እንዴት እላለሁ» ብሎ ያፍራል። አባት ደግሞ «ልጄ ገቢዬን ካየ ይንቀኛል» ብሎ ይደብቃል። እንዲህ ሁለቱም ሲያፍሩ ማመልከቻው ሳይሞላ ይዘጋል።

ይህን ደጋግመን አይተናል። ወረቀታችሁን በአንድ ፋይል አስቀምጡ፤ ልጁ ሳይጠይቅ «ይኸው» በሉት። ትንሿ ትሉሽ ለማልጋው ነጥብ ናት፤ የሚያሳፍር ነገር የለባትም።

ሁለተኛው ድርሻችሁ ትዕግሥት ነው። «ሥራ ይዟል፣ ሚስት ያግባ፣ ትምህርት ምን ያደርግለታል» የሚሉ አሉ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት የእኛው አባቶች ናቸው። ደግሞም አብዛኛው ማሟያ ትምህርት ሥራ ሳይለቁ የሚማሩት ነው። በሳምንት አንድ ማታ የልጅ ልጆችን መጠበቅ ለሚማር ልጅ ከማልጋ አያንስም። የእኛ እናቶች ያንን ባያደርጉልን ኖሮ ዛሬ ዲግሪ ባልያዝን።

በቅደም ተከተል

የትምህርት ዓመቱ የሚጀምረው ከቲሽሬ በዓላት በኋላ፣ በኦክቶበር ወይም በኖቬምበር ነው። የማልጋ ማመልከቻ ግን ብዙው በበጋና በበልግ መጀመሪያ ይከፈትና ይዘጋል። ስለዚህ ከፔሳሕ በኋላ መጀመር ጥሩ ነው። ልጃችሁን እነዚህን ጠይቁት፦

1. የያዝከው ወረቀት ቴኡዳ ነው፣ ቴክናይ ነው ወይስ ሀንደሳይ? የውጤት ወረቀትህ በእጅህ አለ?

2. ኮሌጁ በከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት የታወቀ ነው? በመንግሥት በጀት የሚደገፍ ነው ወይስ የግል?

3. ስንት ነጥብ ይቀነስልሃል? ደብዳቤውን አሳየኝ።

4. ለየትኛው ማልጋ አመለከትክ? መቼ ይዘጋል?

5. ፒካዶንህና ኬሬን ሂሽታልሙትህ ስንት ነው?

6. ሐሳብህን ብትቀይር ከከፈልከው ስንቱ ይመለሳል?

እነዚህን ሳይመልስ ማንም ምንም አይፈርም። ቀኑን፣ ያነጋገረውን ሰው ስምና የተባለውን በደብተር ይጻፍ። ቅድመ ሁኔታዎችና የገንዘብ መጠኖች በየዓመቱ ስለሚቀየሩ የአምናው ጓደኛ ያገኘው ለዘንድሮ ማስረጃ አይሆንም፤ ጓደኛ የተከለከለውም እንዲሁ።

ትምህርቱ ካለቀ በኋላም የሚጠየቅ አለ። ዲግሪ የጨረሰ ሠራተኛ የገቢ ግብር ቅናሽ፣ ኔኩዳት ዚኩይ ይገባዋል። ቶፌስ 119 ተሞልቶ ይጠየቃል፤ ካልጠየቀ ግን ማንም አምጥቶ አይሰጠውም። ሥራ ለሚፈልግ ተመራቂ ደግሞ ኦሊም በያሓድ የሚባለው ድርጅት የእኛን ማኅበረሰብ ተመራቂዎች ከሙያቸው ጋር ከሚመጥን ሥራ ጋር ያገናኛል።

እናትየዋ ያን ቀን አልፈረሙም። ልጃቸው ትንሽ ተቆጥቶ ነበር፤ «ዓመት ታስቀጡኛላችሁ» ብሎ። እውነቱን ነው፣ ያ ዓመት አለፈው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የውጤት ወረቀቱን ለሦስት ኮሌጅ ላከ። ሁለቱ በጽሑፍ መለሱለት፤ በመንግሥት በጀት የሚደገፈው የበለጠ ቀነሰለት። ከሠራዊት የተረፈው ፒካዶንም ተገኘ። ለማልጋው አመልክቷል፤ መልሱ ገና አልመጣም። እናቱ እቁባቸውን በልተው ጥርሳቸውን ታከሙበት።

እናንተም እንዲህ ያለ ፖስታ ቤታችሁ ካለ፣ ለምርመራ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ። ማታ በኩሽና ጠረጴዛ ላይ ብቻችሁን ሆናችሁ አትፈርሙት።